እምቦጭ የሚነቅለው እጅ

በደምቢያ ወይም በፎገራ በኩል ወደ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ወርዶ እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም የሚነቅል ገበሬን ያየ ሰው ሥራው ቀላል ይመስለዋል። ገበሬው ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ ይገባል። ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ እጁን ከሥር ይሰድድና ያበጠውን አገዳ ከግርጌው ይጨብጣል። አረሙ ተንሳፋፊ ቢሆንም ውሃው በሸሸበት ቦታ ጭቃው ላይ ሥር ይሰድዳል፤ ስለዚህ ሳብ ሲያደርገው ሥሩ ሊነቀል ይሁን ሊበጠስ ጣቱ ይነግረዋል። እምቢ ካለው ላላ፣ ወዝወዝ አድርጎ እንደገና ይስበዋል። ከዚያ ጭቃውን አራግፎ ወደ ዳር ይወረውረዋል።

ይህችን የጥቂት ሰከንድ ሥራ ለማሽን ማስተማር ግን ከባድ ነው። የሮቦት ተመራማሪው ሃንስ ሞራቬክ እ.ኤ.አ. በ1988 እንደጻፈው፣ አዋቂን የሚያስጨንቀው የአእምሮ ፈተና ወይም የዳማ ጨዋታ ለኮምፒዩተር ይቀለዋል፤ የአንድ ዓመት ሕፃን ያለ ትምህርት የሚችለው ማየት፣ መዳሰስና መንቀሳቀስ ግን ይከብደዋል። እንዳለውም እ.ኤ.አ. በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር የዓለም የቼዝ ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸነፈ። ጭቃ ውስጥ ቆሞ የገበሬውን ያህል የሚነቅል ሮቦት ግን ዛሬም ጣና ላይ አይታይም። በአንድ እጅ መዳፍና ጣቶች ውስጥ ብቻ ንክኪን የሚለዩ 17,000 ያህል የነርቭ ክሮች አሉ፤ ተፈጥሮ እነሱን ለማስተካከል ሚሊዮን ዓመታት ፈጅቶባታል።

ማሽን የሚያሸንፈው እጅን በመምሰል ሳይሆን ሥራውን ራሱን በመቀየር ነው። ባሕር ዳር ላይ ደንገል እየጎነጎነ ታንኳ የሚሠራ ማሽን አልመጣም፤ የመጣው የብረትና የፋይበርግላስ ጀልባ ነው። ለእምቦጭም የመጣው እንደዚሁ ነው፤ ጀልባ የመሰለ ማጨጃ አረሙን እየቆረጠ በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ወደ ላይ ያወጣዋል። ጥልቅ ውሃ ላይ አንድ ማሽን የብዙ ሰው ሥራ ይሠራል፤ ይህን መካድ አይገባም። ችግሩ የሚጀምረው ዳርቻው ላይ ነው። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ማሽኑን ጭቃ ይይዘዋል። ከሚጭነው ክብደት ከመቶው 90 እጅ በላይ ውሃ ስለሆነ ቶሎ ይሞላና ለማራገፍ ይመላለሳል። ተቆርጦ የቀረው ቁራጭም እንደገና ያቆጠቁጣል። ሁኔታው ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ የሚሆን አረም ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው እምቦጭ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ታየ። ዘሩ ደለል ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አረሙን የሚበላ ጢንዚዛ ተለቅቆ ብዙ ረድቷል፤ ይህም ሥራውን መቀየር ነው።

በእኔ እምነት የጣና ዳርቻ ገና ለረጅም ጊዜ በሰው እጅ ነው የሚጸዳው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በዘመቻ ወጥቶ ሲነቅል አይተናል። ያ ሰው የገባበት ውሃ አልቅት አለበት፣ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬም አለበት። እናም ለማሽን በጀት የምትይዙ ሁሉ፣ ለነቃዩ ቦቲና ጓንት፣ የቢልሃርዚያ ምርመራና የሚገባውን የቀን ክፍያ አብራችሁ ያዙለት።