የወደቀውን ዛፍ ማን ይረከበው?

ሐምሌ ላይ ጎንደር ውስጥ አንድ አሮጌ ዛፍ ከሥሩ ተነቅሎ ሲወድቅ ቅርንጫፉ ለማደር እንኳ አይታደልም። መንገድ ለማስከፈት ይመለመላል፤ ጭራሮው ለምጣድ፣ ወፈር ያለው ለማገዶ ይሄዳል። ግንዱ ግን ከባድ ነውና ኮሚቴ ይጠብቃል። ዛፉ የወደቀው በመንግሥት ተቋም ግቢ ከሆነ እንደ ተሰበረ ወንበርና እንደ አሮጌ ጎማ የሚወገድ ንብረት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም መጨረሻው ጨረታ፣ ዋጋውም የማገዶ ዋጋ ነው። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ሲባል ለሰው የተነገረ ምሳሌ ይመስለናል። በግቢዎቻችን ግን ቃል በቃል የሚፈጸም ነገር ነው።

ይህ ሊለወጥ ይገባል። አርጅቶ፣ ታሞ ወይም በነፋስ የወደቀ አገር በቀል ዛፍ በባለሙያ ተሰንጥቆ፣ በወጉ ደርቆና በጎንደር እንጨት ሠራተኞች እጅ ተጠርቦ የመታሰቢያ ዕቃ መሆን ይችላል። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብም ለምትኩ ችግኝ ይውላል። የጎደለው ኃላፊነት ወስዶ ግንዱን የሚረከብ አካል ነው።

ጎንደር ከግንቦቿ እኩል በዛፎቿም የምትታወቅ ከተማ ናት። በፋሲለደስ መዋኛ የዋርካዎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር አቅፎ ስለያዘው፣ አጥሩ ዛፉን ይደግፍ ወይም ዛፉ አጥሩን ለመለየት ያስቸግራል። በዐፄ ኢያሱ ዘመን የተመሠረተችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በ1880 ዓ.ም ድርቡሾች የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ተርፋ፣ ዛሬም በጽድ ዛፎች ተከባ ትገኛለች። ወደ ደቡብ ጎንደር ስንሻገር ደግሞ የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ብቻ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። በዙሪያው ያለው መሬት ሲራቆት ዘሩን ያተረፈልን የግቢ አጥር ነው።

የትምህርት ግቢዎችም የዚህ ታሪክ ተካፋዮች ናቸው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የጨረሰውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ፣ በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ነው። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። ዛሬ ማራኪ፣ ቴዎድሮስና ፋሲል በሚባሉ ግቢዎችም ያስተምራል። ሰባት ዐሥርት ዓመታት ሙሉ ተማሪ ከዛፍ ሥር አጥንቷል፤ ከቤተሰቡ ጋር የምረቃ ፎቶ ተነሥቷል። በምረቃ ሰሞን ከበር ላይ የሚገዛለት ስጦታ ግን በአመዛኙ የፕላስቲክ አበባና ከውጭ የመጣ የመስታወት ዋንጫ ነው። ለተመራቂው ስለ ጎንደር የሚነግረው አንዳች ነገር የለውም።

እንጨቱ ግን ብዙ ይናገራል። ዋንዛ ቀላልና ለመሮ የሚታዘዝ ነው፤ ለከበሮ፣ ለበገናና ለገበታ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ለዱላና ለዘነዘና ይሆናል፤ ፍልጡ ደግሞ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል። ጽድ ምስጥ የማይደፍረው፣ ሽታውም ለዓመታት የማይለቀው እንጨት ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የምሥራቅ አፍሪካ ጽድ ለእርሳስ መሥሪያ ወደ አውሮፓ ይጫን ነበር።

የሰሜኑ ደጋ አንድ ዋና ክረምት ስላለው ጽድ በየዓመቱ የዕድገት ቀለበት ይሠራል። ዝናቡ በበዛበት ዓመት ቀለበቱ ይሰፋል፣ ባነሰበት ይቀጥናል። ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ጽዶች ቀለበት ላይ ያለፉ ዘመናትን የዝናብ ሁኔታ ማንበብ ችለዋል። እንዲህ ያለውን ግንድ ሳይመረምሩ ምድጃ ውስጥ መክተት የአየር ንብረት መዝገብ እንደ ማቃጠል ነው።

ለመሆኑ ከወደቀ ግንድ ማስታወሻ ለመሥራት ምን ያስፈልጋል? ከሁሉ በፊት ፍጥነት። ግንዱ እንደ ወደቀ ሁለቱ ጫፎች በሰም ወይም በቀለም መታሸግ አለባቸው፤ አለዚያ ውሃው በጫፍ በኩል ፈጥኖ ይወጣና እንጨቱ ይሰነጠቃል። ከዚያ ተሰንጥቆ ጣውላ ይሆናል፤ በጣውላዎቹ መካከል አየር እንዲያልፍ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ በጥላ ይደረደራል። በልማድ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይታሰብለታል። ግንዱ ዝናብ ሲወርድበት ከከረመ ግን ሻጋታ ይገባዋል። እንግዲህ ኮሚቴው የሚዘገይባቸው ወራት እንጨቱ ከጣውላነት ወደ ማገዶነት የሚወርድባቸው ወራት ናቸው።

ጠራቢው ጋ ሲደርስም ጥንቃቄው አያበቃም። ከቅርንጫፍ ላይ እንደ ዳቦ ተቆርጦ የተነሣ ክብ ቁራጭ ቀለበቱን ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ለማስታወሻ ያምራል፤ ነገር ግን እንጨት ከእምብርቱ ወደ ዳር ከሚኮማተረው ይልቅ በዙሪያው አብልጦ ስለሚኮማተር ሲደርቅ ከዳር እስከ እምብርቱ ይተረተራል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ሰያፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ወይም ከጣውላው ርዝመት ይሠራል። ከዚያ በመላጊያ ያስተካክላል፤ ከሻካራው ጀምሮ እስከ ልስልሱ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። ገበያው የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይወዳል። ለጽድ ግን የተልባ ዘይትና ሰም ይበቃዋል፤ ሽታው አይታፈንም። ከዚህ የእርሳስ ማስቀመጫ፣ የመጽሐፍ ዕልባት፣ ትንሽ ረከቦት፣ የሥዕል ክፈፍ ይወጣል።

ሠራተኛው ይህን ሁሉ ቢያውቅም እንጨቱን ከየት ያምጣ? አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህም አዋጅ 542/1999 እና አዋጅ 1065/2010 ወጥተዋል። ክልከላው ትክክል ነው፤ የተራቆተው ተራራችን ይመሰክራል። በሌላ በኩል በየማሳው ዳር የሚተከለው ባሕር ዛፍ ለማገርና ለቋሚ እንጂ ለቅርጽ አይመችም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሕግ አክብሮ መሥራት የሚሻ ባለሙያ እንጨት ሲያጣ፣ ሕጋዊው እንጨት በየግቢው ወድቆ ይበሰብሳል።

በዚህ ላይ ሙያው ራሱ የተበደለ ሙያ ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በጎንደር ግንባታ ከተሳተፉት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። አገሪቱ በእጃቸው ሥራ ተጠቀመች፤ እነሱን ግን ቡዳ እያለች ራቀቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ከከተማዋ በስተሰሜን ወለቃ ላይ ስማቸውና የሸክላ ሥራቸው ቀረ። ዛሬ እንጨት የሚጠርብ ወጣት ሥራው የዩኒቨርሲቲ ስም ታትሞበት፣ የሠሪው ስም ተጽፎበት ቢሸጥ፣ ገቢ ብቻ ሳይሆን ሙያው ለዘመናት የተነፈገውን ክብርም ያገኛል።

ሌላው ዓለም ይህን ሞክሮታል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት በሚገኘው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ደጅ የነበሩ ሁለት ታዋቂ የኦክ ዛፎች እ.ኤ.አ. በ2010 በመርዝ ተጎዱ፤ ለማዳን ተሞክሮ ስላልተቻለ በ2013 ተቆረጡ። ከእንጨታቸው የመታሰቢያ ዕቃ ተሠርቶ ለቀድሞ ተማሪዎችና ለደጋፊዎች ተሸጠ፤ ከሽያጩ ገቢም ከፊሉ ለነፃ የትምህርት ዕድል ዋለ። በምትካቸውም ሌሎች ኦኮች ተተከሉ።

ለእኛ አገር አንድ ስጋት አለ፤ ቀላልም አይደለም። ለወደቀ ጽድ ጥሩ ዋጋ ከተገኘ የቆመውን «ታሟል» ብሎ የሚጥል ሰው አይጠፋም። ስለዚህ የቁጥጥር ደንብ መቅደም አለበት። በግቢው ያለ እያንዳንዱ አገር በቀል ዛፍ በቁጥር ይመዝገብ። ሲወድቅ ምክንያቱን የደን ባለሙያ ያረጋግጥ። ቁጥሩ በዕቃው ጀርባ ይታተም፤ ቁጥር የሌለው አይሸጥ። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ውሳኔውም የሰበካው ይሁን። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ግን ደረቅ ቅርንጫፍ እንኳ ለዚህ ሥራ መውጣት የለበትም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ የቆየ ነው፤ ሌላ ፈተና አያሻውም።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ምሁራን፣ የቴክኖሎጂ መምህራንና በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ምሩቃን አሉት፤ ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ መጋዘን፣ አንድ መጋዝና ግንዱን በሳምንት ውስጥ ለሥራ የሚያስረክብ የንብረት መመሪያ ነው። ገና ዛፉን እየተከለ ያለው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መዝገቡን ከችግኝ መጀመር ይችላል። ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ዛሬ የተተከለው ለልጅ ልጆቻችን ነው የሚደርሰው። የሁለቱ ተቋማት አመራሮች መመሪያውን ከመጪው ክረምት በፊት ያውጡ፤ ቀጣዩ ግንድ ሲወድቅ ተረካቢው የታወቀ ይሁን።