ነባሩ አጥማጅና አዲስ መጪው

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል ያገራችን ተረት። ተረቱ የሚነገረው የማይመለከተውን ነገር ለሚነካካ ሰው ነው። ዳሩ ግን ከኦጎልቾ ወደ ምዕራብ ወርዶ በዝዋይ ሐይቅ ላይ የሚሠራውን የተመለከተ ሰው ሌላ ፍች ሊሰጠው ይችላል፤ ይኸውም ሳያውቅ የሚጎረጉር አጥማጅ የሚያወጣው ዘንዶን ሳይሆን የከርሞውን ዘር ነው።

ኦጎልቾ በአርሲ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የከታር ወንዝ ከአርሲ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ይገባል። ሐይቁ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር የበለጠ ስፋት ቢኖረውም አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በደሴቶቹ የኖሩት የዛይ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ዓሣ ሲያጠምዱ ቆይተዋል። ዛሬ ግን ሥራ ያጣ የአካባቢው ወጣትም መረብ ይዞ ወደ ውሃው ይወርዳል። ባንድ ውሃ ላይ ብዙ መረብ ሲዘረጋ ፉክክር መምጣቱ አይቀርም።

እንግዲህ ነባሩ አጥማጅ የሚያውቀውን ለአዲስ መጪው ሊነግረው ይገባዋልን? «እንጀራዬን ለተፎካካሪዬ ለምን አሳልፌ እሰጣለሁ?» የሚል ቢኖር አያስደንቅም።

ለዚህ ጥያቄ አርሲ በሌላ ሙያ አንድ መልስ ሰጥታለች። የአሰላና የበቆጂ ልጆች ሩጫን የሚለማመዱት በቡድን ነው፤ ታናሹ የታላቁን እግር እየተከተለ አካሄዱን ይማራል። በ1996 ዓ.ም. የበቆጂው ቀነኒሣ በቀለ የአሰላውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የ5,000ና የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዚያው ዓመት በአቴና ኦሊምፒክም በ10,000 ሜትር አሸነፈ። በዚያ ውድድር ላይ ቀነኒሣና ስለሺ ስህን ወደ ኋላ እየተመለከቱ ኃይሌን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ገታ ማድረጋቸው አይዘነጋም። ታላቁ ተበለጠ፤ ነገር ግን አልተዋረደም፤ አገሪቱም አልከሰረችም።

ይሁን እንጂ ሐይቅ እንደ መሮጫ ሜዳ አይደለም። ሜዳው ብዙ ሰው ስለ ሮጠበት አያልቅም፤ ዓሣ ግን ያልቃል። ስለዚህ የአጥማጁን ዕውቀት በሁለት መክፈል ያሻል። አንደኛው፣ ዛሬ ማለዳ ዓሣው የተሰበሰበበትን ስፍራ ማወቅ ነው። ይህን ደብቆ ቢይዝ የሚወቅሰው የለም፤ የድካሙ ዋጋ ነውና። ሁለተኛው ግን ለሁሉም የሚተርፍ ዕውቀት ነው። የመረቡ ዓይን እስከ ምን ይጥበብ? ነፋስ ሲነሣ ታንኳን እንዴት ወደ ዳር ማድረስ ይቻላል? ቆሮሶ የሚራባው የት ነው?

የቆሮሶ ተባዕት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መሬቱን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ እንስቲቱ ዕንቍላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿንም በአፏ ትሸሽጋለች። ስለዚህ በዚያ ወራት በሐይቁ ዳር መረብ የሚጎትት ሰው አንዲት ዓሣ ሲይዝ አንድ ትውልድ ያጠፋል። ይህን ያልተነገረው ወጣት ክፋት ሳይኖረው የጎረቤቱን እንጀራ ይቆርሳል። ነባሩም ዝም ማለቱ ያተረፈለት ይመስለዋል እንጂ ከርሞ ባዶ መረብ የሚስበው እርሱ ራሱ ነው። ቀድሞ ከዝዋይ ከሚወጣው ዓሣ የሚበዛው ቆሮሶ እንደ ነበረ፣ በኋላ ግን ድርሻው እየቀነሰ አምባዛና ከውጭ የገባው ካርፕ እንደ በረከቱ የታወቀ ነው። ለዚህ ለውጥ ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም ያለ ልክ ማጥመድ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

በአሜሪካ በሜይን ግዛት ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱ ሰዎች ዕንቍላል ያዘለች እንስት ሲያገኙ ጅራቷ ላይ ትንሽ ምልክት ቆርጠው ወደ ባሕር ይመልሷታል። ሌላው አጥማጅ ነገ ቢይዛት ምልክቱን አይቶ ይለቃታል። ይህች ምልክት ተፎካካሪ ለተፎካካሪው የሚጽፋት ደብዳቤ ናት ማለት ይቻላል። ስፍራን መደበቅና ዘርን መጠበቅ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉም ታስረዳለች።

በአገራችንም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ሕግ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን በየታንኳው ላይ ተቆጣጣሪ ማስቀመጥ አይቻልም። በእያንዳንዱ ታንኳ ላይ ሊገኝ የሚችለው በነባሩ ምክር የታነጸ አጥማጅ ብቻ ነው።

ይህ ነገር በሐይቅ ዳር ብቻ የሚቀር አይደለም። ለአዲሱ ጸሐፊ የመዝገብ አያያዝን የሚደብቅ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ ማስታወሻውን ከጓደኛው የሚሸሽግ ተማሪ፣ ሁለቱም ጠባብ ዓይን ባለው መረብ የሚያጠምዱ ናቸው። ለዛሬ ይሞላላቸዋል፤ ነገ ግን ሥራውን የሚረከብ፣ ሲሳሳቱም የሚያርማቸው ሰው ያጣሉ። ያገኙትን ዓሣ ማካፈል የቸርነት ጉዳይ ነው። የዓሣውን ዘር የሚያተርፍ ዕውቀት ማካፈል ግን ከቸርነትም በላይ የራስን ነገ መጠበቅ ነው።