ከዐለት ላይ የበቀለ ቀይ ወይን ጠጅ
የትሬቫሎን እርሻ ልምድ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

አንዳንድ ገበሬዎች «ማዳበሪያና መድኃኒት ካልገዛን የተፈጥሮ እርሻ ይዘናል» ሲሉ ይሰማል። ይሁን እንጂ ማሳን ያለ እንክብካቤ መተውና ያለ ኬሚካል ማልማት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱን በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስ የሚገኘው ትሬቫሎን የተባለ አነስተኛ የወይን እርሻ በሚገባ ያሳያል።

ቦታው

እርሻው አልፒይ በሚባሉት የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች ሰሜናዊ ጎን ይገኛል። መሥራቹ ሙሴ ኤልዋ ዱርባክ የሥነ ሕንፃ ትምህርታቸውን ትተው፣ ወላጆቻቸው በገዙት በዚህ ድንጋያማ መሬት ላይ እ.ኤ.አ. በ1973 ወይን መትከል ጀመሩ። ለተክሉ ሥር መያዣ ለማግኘት ዐለቱን መሰባበር ግድ ነበር። የመጀመሪያው ወይን ጠጅ ከ1976 ምርት ተገኘ። እርሻው 17 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ ቀዩ ወይን ጠጅ የሚሠራው ካበርኔ ሶቪኞንና ሲራ ከተባሉት ሁለት ዝርያዎች ግማሽ በግማሽ ያህል ነው።

አያያዙ

ከመጀመሪያው አንሥቶ የኬሚካል ማዳበሪያ፣ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ አልገባበትም። አፈሩ በበግ ፍግ ይዳብራል። በማሳዎቹ መካከል የቀረው ቁጥቋጦ ተባይ ለሚበሉ ነፍሳት መጠለያ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ሚስትራል የሚባለው ደረቅ የሰሜን ነፋስ ከዝናብ በኋላ ቅጠሉን ቶሎ ስለሚያደርቀው ሻጋታ በቀላሉ አይስፋፋም።

በተፈጥሮ እርሻ ደንብ ድኝና መዳብ ለሻጋታ በሽታ መከላከያነት ይፈቀዳሉ። ነገር ግን መዳብ በአፈር ውስጥ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል።

ጠጁ ሲጠመቅ ዘለላው ከነዘንጉ ይገባል፤ የሚያብላላውም ከፍሬው ጋር የመጣው እርሾ ነው። ከዚያም ሁለት ዓመት ያህል በትልልቅ የእንጨት በርሜሎች ይቆያል።

ያጋጠመው ፈተና

በ1990ዎቹ የአካባቢውን ስም በጠርሙስ ላይ ለመጻፍ የካበርኔ ድርሻ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ። ሙሴ ዱርባክ ወይ ተክላቸውን መንቀል፣ ወይ ስሙን ማጣት ነበረባቸው። መሬቱ የተስማማውን ተክል አልነቅልም ብለው ከ1994 ምርት ጀምሮ ዝቅተኛ ደረጃ ባለው ስም መሸጥ ጀመሩ። ገዢው ግን አልሸሸም፤ የእርሻው ጥራት ቀድሞ ታውቆ ነበርና። መሥራቹ በ2021 ቢያርፉም ቤተሰባቸው ሥራውን ቀጥሏል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በአገራችንም በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ለጠጅ የሚሆን ወይን ይለማል። ነገር ግን የክረምቱ ዝናብና እርጥበት ለሻጋታ ስለሚመች የትሬቫሎንን አሠራር እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ለማንኛውም ሰብል የሚጠቅሙት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

1. አስቀድሞ ቦታን መምረጥ። ነፋስ የሚያገኝና ውኃ የማይተኛበት መሬት ግማሹን የመከላከል ሥራ ይሠራል።

2. ፍግን ሳያባክኑ አብላልቶ ለማሳ ማዋል።

3. መዝገብ መያዝ። በአውሮፓ ደንብ ለብዙ ዓመት የሚቆይ ተክል ምርቱ የተፈጥሮ ተብሎ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 3 ዓመት ያለ ክልክል ኬሚካል መያዙ መረጋገጥ አለበት።

4. በማኅበር ውስጥ መተማመን። አንድ አባል በስውር የረጨው መድኃኒት የሁሉንም የምስክር ወረቀት ሊያሳጣ ይችላል።

እንግዲህ የልማት ሠራተኛው ገበሬውን «ኬሚካል ተው» ከማለቱ በፊት «በምትኩ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ሊጠይቀውና መልሱንም ማሳው ላይ አብሮት ሊፈልግ ይገባል።