የአደንና የዓሣ ማስገር ልማድ በአደባባይ በዓል

ወላይታ በምዕራብ የኦሞ ወንዝ፣ በምሥራቅ የብላቴ ወንዝ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የአባያ ሐይቅ የሚያዋስኑት አገር ነው። ዋናው ከተማ ሶዶ የተቆረቆረው በዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። ቆላው ዱር፣ ዳርቻው ውኃ በሆነበት በእንዲህ ያለ ምድር አደንና ዓሣ ማስገር የቆዩ ሙያዎች መሆናቸው አያስገርምም። ታዲያ እነዚህ ሙያዎች በሕዝብ በዓል ላይ ሊኖራቸው የሚገባው ቦታ ምንድን ነው?

የወላይታ ሕዝብ ትልቁ የአደባባይ በዓል ጊፋታ ነው። ጊፋታ የዘመን መለወጫ ሲሆን ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀኖች መካከል በሚውለው እሑድ ይከበራል። ቃሉ መጀመሪያ፣ በኩር ማለት ነው። በዓሉ ሳይደርስ የተጣላ ይታረቃል፤ ሴቶች ቅቤ ሲያጠራቅሙ፣ ወንዶች ለበሬ መግዣ ገንዘብ ሲያዋጡ ይከርማሉ። ዕለቱ ሲደርስ ወንዶች ሜዳ ወጥተው «ሃያያ ሌኬ» እያሉ ይጨፍራሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በጊፋታ ማዕድ የሚቀርበው ሥጋ በመዋጮ የተገዛ በሬ እንጂ ታድኖ የመጣ አውሬ አይደለም። (ስለ ቁርጡና ስለ ዳጣው ማውራት ከጀመርን ግን ጽሑፋችን ሌላ ጽሑፍ ይሆናል።)

የአደን ክብር ከማዕድ ይልቅ በቃል ቆይቷል። በአገራችን በብዙ ስፍራ አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ የጣለ ሰው በሕዝብ ፊት ይፎክር፣ ሴቶችም በዘፈን ያወድሱት ነበር። ዝሆን ገዳይ የወርቅ ጉትቻ ያደርግ፣ አንበሳ ገዳይ ጎፈር ይደፋ ነበር። «ገዳይ» የሚለው ቃል በፍርድ ቤት የወንጀለኛ ስም ሲሆን፣ በዘፈን ግን እስካሁን የጀግና መጠሪያ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያሳስተው «ያድናል» የሚለው ግስ ነው። «ድ» ጠብቆ ሲነበብ አውሬ አሳዶ ይይዛል ወይም ይገድላል ማለት ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ከሞት ያወጣል ማለት ይሆናል። በጽሕፈታችን መጥበቅና መላላት በምልክት ስለማይለይ ፍቺው የሚታወቀው ከዐረፍተ ነገሩ አገባብ ነው። «ይህ ሰው ቆርኬ ያድናል» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ሰውዬው የፓርክ ጠባቂ ይሁን ጠመንጃ ያነገበ አዳኝ አንባቢያችሁ በምን ያውቃል?

ቆርኬን በምሳሌነት ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የስዌይን ቆርኬ የሚባለው ዝርያ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። ቀድሞ በሶማሊያም ጭምር ይኖር የነበረው ይህ እንስሳ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በገባው የከብት ደስታ በሽታ፣ በአደንና በግጦሽ መጣበብ ተመናመነ። ከወላይታ በስተ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የማዜ ብሔራዊ ፓርክ በ1997 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋናው ዓላማ ይህንኑ እንስሳ መጠበቅ ነበር። በሕግም በኩል በ1944 እ.ኤ.አ. የዱር እንስሳትን የሚጠብቅ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541ም ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ስለዚህ ፉከራው፣ ጦሩና ጋሻው በበዓል ሜዳ ቢታዩ መልካም ነው እላለሁ፤ ለበዓሉ ተብሎ የተገደለ አውሬ ቆዳ ግን በዚያ ሊታይ አይገባም።

የዓሣ ማስገር ነገር ከዚህ ይለያል፤ ዛሬም የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነውና። በአባያ ሐይቅ የጊዲቾ ደሴት ነዋሪዎች ከቀላል እንጨት በተሠራ ታንኳ ዓሣ ሲያሰግሩ፣ በጦርም ጉማሬ ሲያድኑ (እዚህ ላይ አጥብቃችሁ አንብቡ) ኖረዋል። በሐይቁ ቆሮሶ፣ አምባዛና ናይል ፐርች ይገኛሉ። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። የመረቡ ዓይን ከጠበበ ገና እንቁላል ያልጣለው ትንሽ ዓሣ አብሮ ይያዛል፤ የዘንድሮው ምርት ቢበዛም የከርሞው ይጎድላል። የአባያ ውኃ ቀላ ብሎ የሚታየው ከየኮረብታው ተሸርሽሮ በሚገባው አፈር ስለሚደፈርስ ነው፤ ገበሬው እርከን ሲሠራ ለአስጋሪውም ይሠራል። አስጋሪዎች በአደባባይ በዓል ሙያቸውን የሚያሳዩ ከሆነ ትልቁን ዓሣ ሰቅለው ከመቆም ይልቅ፣ መረባቸውን በሜዳው ላይ ዘርግተው፣ የዓይኑን ስፋት በጣታቸው እየለኩ፣ የትኛው ዓሣ እንዲያልፍ፣ የትኛው እንዲቀር እንደሚሹ ለተመልካቹ ቢያስረዱ ይመረጣል።