በቤት ለሚነግድ ሰው ሁለት ሣጥን ያስፈልገዋል

በአገራችን የእጅ ሥራና ንግድ ከመኖሪያ ቤት ሳይለዩ የኖሩ ናቸው። በሽሮ ሜዳ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን የሚወረውረው ከመኖሪያው ሳይርቅ ነው፤ ማግ የሚሆነውም ፈትል በየቤቱ በሴቶች እጅ ሲፈተል የኖረ ነው። በርበሬው ተቀንጥሶ፥ ሽሮው ተቆልቶ፥ ጠላው ተጠምቆ ለሽያጭ የሚወጣው ከጓዳ ነው። ዛሬም ልብስ ሰፊው፥ የባልትና አዘጋጇ፥ ዳቦና ኬክ ጋጋሪዋ፥ የሰው ሒሳብ በክፍያ የሚሠራው መዝገብ ያዥ፥ ሌላ ቅጥር ሳይኖራቸው ሙሉ ቀናቸውን በቤታቸው ሠርተው ይተዳደራሉ። የብዙ ባለ ሱቅ መደርደሪያ የሚሞላው ከነዚህ ሰዎች እጅ በሚወጣ ዕቃ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የእነርሱ ብቻ ሳይሆን የነጋዴዎቻችንም ሁሉ ጉዳይ ነው።

በቤት የመነገድ ጥቅሙ ግልጽ ነው። የሱቅ ኪራይ የለም፤ የመመላለሻ ወጪ ይቀራል፤ ልጅ ያላትም እናት ልጇን እየተመለከተች ትሠራለች። ዳሩ ግን አደጋው የተሸሸገው በዚሁ ጥቅም ውስጥ ነው። ሰው በየወሩ ከኪሱ አውጥቶ የማይከፍለውን ነገር እንደ ወጪ መቁጠር አይቀናውም። ክፍሉ የራሴ ነው፥ ጉልበቱም የራሴ ነው፥ መብራቱም ከቤቱ መብራት ጋር ነው እያለ ሳይቆጥር ያልፋል። ያልተቆጠረውን ወጪ ግን ሳያውቅ የሚከፍለው ቤተ ሰቡ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ልብስ ሰፊ በቤቷ የሕፃናት ልብስ እየሰፋች ለባለ ሱቆች ታቀርባለች እንበል። በወር 100 ልብስ፥ እያንዳንዱን በ600 ብር ብትሸጥ 60,000 ብር ታገኛለች። ለጨርቅ፥ ለክርና ለቁልፍ 40,000 ብር፥ ለመብራትና ለማጓጓዣ 5,000 ብር ታወጣለች። በእጇ የሚቀረውን 15,000 ብር አይታ «ይህ ትርፌ ነው» ትላለች። አሁን ሒሳቡን በነጋዴ ዓይን እንመልከተው። በእርሷ ምትክ ሌላ ሰፊ ቢቀጠር በወር 8,000 ብር ይከፈለው ነበር፤ የምትሠራበት ክፍል ቢከራይ 4,000 ብር ያስገባ ነበር፤ ሲንጀሯም እያረጀች ስለምትሄድ ለመጠገኛና ለመተኪያ በወር 1,000 ብር ሊቀመጥላት ይገባል። ይህ ሁሉ ሲቀነስ የንግዱ እውነተኛ ትርፍ 2,000 ብር ብቻ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ባለ ሱቁ «ዋጋ ቀንሺልኝ» ብሎ ከመቶ 5 ቢያስቀንሳት፥ የወር ሽያጯ በ3,000 ብር ይጎድላል። እርሷ ገና 12,000 ብር የሚተርፋት መስሏት ትስማማለች፤ በሒሳቡ ግን በየወሩ 1,000 ብር ትከስራለች። ኪሣራውም ወዲያው አይታይም። መጀመሪያ ለሲንጀሯ የሚቀመጠው ገንዘብ ይቀራል፤ ቀጥሎ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ከጨርቅ መግዣው ላይ ይነሣል፤ በመጨረሻም ጨርቁ በዱቤ ይገዛል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ በተሰበረች ቀን ሥራው ይቆማል። ባለ ሱቁም ጥቂት ብር አተርፋለሁ ሲል የለመደውን አቅራቢ ያጣል፤ ጨርቁንና ክሩን በዱቤ የሰጠውም ጅምላ ሻጭ ገንዘቡን ሲጠብቅ ይኖራል።

መድኃኒቱ የቤቱን ገንዘብና የንግዱን ገንዘብ መለየት ነው። ይህም ምክር አዲስ አይደለም። ኢጣልያዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የነጋዴን መዝገብ አያያዝ ሲያስተምር፥ የቤት ወጪ ራሱን የቻለ ሒሳብ ተከፍቶለት እንዲጻፍ መክሯል። በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በእጁ ሥራ የሚተዳደረውን ባለ ሙያ ከነጋዴ ባይቆጥረውም፥ ነጋዴ የሆነው ሰው ግን የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ያዝዝ ነበር። ስለ ነጋዴዎች የሚናገረው የዚያ ሕግ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። ሕግ ያስገድደውም አያስገድደውም፥ መዝገብ አስቀድሞ የሚጠቅመው ባለቤቱን ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በቤቱ የሚነግድ ሰው ሁለት ሣጥን ይያዝ፤ አንዱ የንግዱ፥ ሌላው የቤቱ ይሁን። የሽያጩ ገንዘብ ሁሉ ወደ ንግዱ ሣጥን ይግባ። ከዚያም በወሩ መጨረሻ ለራሱ የተወሰነ ደመወዝ፥ ለክፍሉም የተወሰነ ኪራይ ቆርጦ ወደ ቤቱ ሣጥን ያዛውር። ቤቱ የሚኖረው በዚህ ነው። የልጅ ጫማ ወይም የእንግዳ ግብዣ ከንግዱ ሣጥን ቢነሣ፥ ብድር ተብሎ ይጻፍና ይመለስ። ለቤት የተበላው ሽሮ፥ ለዘመድ የተሰጠው ልብስም በዋጋው ይመዝገብ፤ ስጦታ መስጠት መልካም ሲሆን የሚሰጠው ግን ከቤቱ ሣጥን መሆን አለበት።

ይህን መለየት ዛሬ ይበልጥ የሚያስቸግር ነገር አለ። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ደንበኛ ዋጋውን የሚልከው በስልክ ነው። የደንበኛው ክፍያ፥ ወንድም ከሩቅ የላከው ገንዘብና የቤቱ አስቤዛ በአንድ ስልክ ውስጥ ሲገናኙ የማን እንደ ሆኑ ይጠፋል። ስለዚህ ለንግዱ ሌላ የስልክ ቁጥር ወይም ሌላ የባንክ ሒሳብ መክፈት ይበጃል። ዕቁብም እንዲሁ ነው፤ ዕጣው የሚጣለው ከንግዱ ገንዘብ ከሆነ፥ በወጣ ጊዜ የሚገዛበት የንግዱ ዕቃ እንጂ የሳሎን ወንበር ሊሆን አይገባም።

ከገንዘቡ ሌላ ሰዓቱም ድንበር ይፈልጋል። በቤቱ የሚሠራውን ሰው ጎረቤት ሁሉ ሥራ ፈት አድርጎ ያየዋል፤ ቡና ጠጪውም ተላላኪውም በሥራው መካከል ይገባል። በሌላ ወገን ደግሞ ሱቁ ስለማይዘጋ ደንበኛው በእራት ሰዓት በር ያንኳኳል። የሥራ ሰዓትን ወስኖ በበሩ ላይ መለጠፍ፥ በዚያም መጽናት፥ ሥራውንም ዕረፍቱንም ያስከብራል። የተለየ ክፍል ለሌለውም አንድ ማዕዘን በመጋረጃ መከለል ይበቃዋል።

ባለ ሱቆችና ጅምላ ሻጮች ደግሞ በበኩላቸው የሚያደርጉት አለ። በቤቱ ከሚሠራ ሰው ዕቃ ሲገዙ ዋጋውን ጉልበቱንም የቆጠረ እንደ ሆነ ይጠይቁት፤ በዱቤ የወሰዱትንም በቀጠሮው ቀን ይክፈሉ። ትልቁ ድርጅት ክፍያ ቢዘገይበት ከባንክ ይበደር ይሆናል፤ በቤቱ የሚሠራው ግን የዘገየውን ገንዘብ የሚሸፍነው ከልጆቹ ቀለብ ነው። ዋጋውን በትክክል የሚያውቅና ገንዘቡን በጊዜው የሚያገኝ አቅራቢ፥ በሚመጣውም ዓመት ዕቃውን ይዞ ከሱቁ በር ላይ ይገኛል።