ከግድግዳ ወደ ፖስተር፦ የስሎቫኪያ ጥለትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት

በሰሜናዊ ስሎቫኪያ፣ በተራሮች መካከል፣ ቺችማኒ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ቤቶቿ ከጠቆረ የዛፍ ግንድ የተሠሩ ናቸው። በግድግዳዎቹ ላይ ነጭ መስመሮች፣ መስቀሎችና ዚግዛጎች ተሥለዋል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው እያንዳንዱ ቤት ጥልፍ ያለበት ቀሚስ የለበሰ ይመስላል። በእርግጥም የግድግዳው ሥዕል ከልብስ ጥልፍ ጋር ዝምድና አለው። የመንደሩ ሴቶች በልብስ ላይ የሚጠልፉት ጌጥ በግድግዳውም ላይ ይታያል።

ነጩ ቀለም ኖራ ነው። መጀመሪያ የተቀባውም እንጨቱን ከፀሐይና ከእርጥበት እንዲጠብቅ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ጌጥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1921 ከባድ እሳት ተነሥቶ ብዙ ቤቶች ወደሙ። ሆኖም መንደሩ የቀድሞ መልኩን ይዞ እንደገና ተሠራ። በ1977 ደግሞ የሕዝብ ሥነ ሕንፃ ቅርስ ሆኖ በሕግ እንዲጠበቅ ተወሰነ። ዛሬ የቺችማኒ ጥለት በቲሸርት፣ በስኒ፣ በፖስተር፣ በስሎቫኪያ የኦሊምፒክ ቡድን ልብስ ላይ ሳይቀር ታይቷል።

አሁን ደግሞ አዲስ መሣሪያ መጥቷል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት።

በመጀመሪያ ሲያዩት ያምራል

አንዲት ዲዛይነር ለባህላዊ ሙዚቃ በዓል ፖስተር እንድትሠራ ታዘዘች እንበል። ድሮ ጥለቱን በእጅ ለመሣል ቀናት ይፈጅባት ነበር። አሁን ግን ኮምፒውተሯ ላይ «የስሎቫኪያ ባህላዊ ጥለት ያለው ፖስተር» ብላ ትጽፋለች። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ብዙ ሥዕሎች ይቀርቡላታል። ሁሉም ያማሩ፣ ሁሉም ደማቅ ናቸው።

ቀረብ ብላ ስታይ ግን ችግሩ ይገለጣል። አንዱ አበባ የሃንጋሪን ጥልፍ ይመስላል፤ ሌላው የፖላንድን። ዚግዛጉ በግራ በኩል ሰባት ጥርስ አለው፣ በቀኝ በኩል ስምንት። አንዱ መስመር ደግሞ የትም ሳይደርስ ተቋርጧል።

ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ፕሮግራሙ የተማረው እጅግ ብዙ ሥዕሎችን ከመግለጫ ጽሑፋቸው ጋር በማየት ነው። የአንዲት ትንሽ መንደር ስም በትክክል የተጻፈባቸው ሥዕሎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ማሽኑ የጎረቤት አገሮችን ጌጥ ያቀላቅላል። ከዚህም በላይ ጠላፊዋ ክር ትቆጥራለች፤ ግራውና ቀኙ እኩል የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ማሽኑ ግን ክር አይቆጥርም። ጥልፍ የሚመስል ነገር ይሥላል እንጂ ጥልፍ አይጠልፍም።

ጽሑፉም ሌላ ጣጣ ነው። የስሎቫክ ቋንቋ 46 ፊደላት አሉት፤ ብዙዎቹም ከላያቸው ትንንሽ ምልክቶች አሏቸው። ምልክቱ ከጠፋ ትርጉሙ ይለወጣል። «ሱድ» የሚለው ቃል አጠር ተደርጎ ሲነበብ በርሜል ማለት ነው፤ «ሱ» ረዘም ካለ ግን ፍርድ ቤት ይሆናል። የሁለቱ ቃላት ልዩነት አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። እኛም ይህን ችግር እናውቀዋለን። ፊደላችንን የሚመስል፣ ነገር ግን ማንም ሊያነበው የማይችል ጽሑፍ በማሽን በተሠሩ ሥዕሎች ላይ አይተን ይሆናል።

ሰማያዊው ጨርቅ የሚያስተምረን

ስሎቫኪያ ሌላም ታዋቂ ጌጥ አላት፤ ነጭ ጥለት ያለው ሰማያዊ ጨርቅ። ባለሙያው በእንጨት ማኅተም ልዩ ለጥፍ ነጭ ጨርቅ ላይ ያትማል። ከዚያ ጨርቁን ኢንዲጎ በተባለው ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይነክረዋል። ለጥፉ ያለበት ቦታ ቀለም አይገባውም። ጨርቁ ሲታጠብና ለጥፉ ሲለቅ ነጩ ጥለት ይወጣል። ዩኔስኮ ይህን ሙያ በ2018 በቅርስነት መዝግቦታል። የተመዘገበው ግን በስሎቫኪያ ስም ብቻ አይደለም፤ ኦስትሪያ፣ ቼክ፣ ጀርመንና ሃንጋሪም አብረው አሉበት።

እንግዲህ ጥለት ድንበር መሻገሩ አዲስ ነገር አይደለም። መቀላቀልም በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ድሮ አንዱ ሙያተኛ ከሌላው ሲወስድ ከማን እንደወሰደ ያውቅ ነበር። ማሽኑ ሲያቀላቅል ግን የመንደሩም የጠላፊዋም ስም ይጠፋል። የድሮ ጥለት አብዛኛውን ጊዜ የቅጂ መብት ባለቤት የለውም። ስለዚህ ስሙን የሚጠብቀው ሕግ ሳይሆን የዲዛይነሩ ሕሊና ነው።

እንዴት አብረው ይሠራሉ?

ይህ ማለት ማሽኑን መተው ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ሥራውን ማከፋፈል ይሻላል።

መጀመሪያ ዲዛይነሯ እውነተኛውን ጥለት ከሙዚየም ወይም ከመንደሩ ታገኛለች፤ ፈቃድም ትጠይቃለች። ከዚያ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ እየቆጠረች ትሥለዋለች። ማሽኑ የሚያግዛት ሌላ ቦታ ላይ ነው። የቀለም ምርጫ፣ የጀርባ ሥዕል፣ የገጽ አቀማመጥ በብዙ ዓይነት በፍጥነት ያሳያታል። እሷም የወደደችውን ትመርጣለች። በመጨረሻ እውነተኛውን ጥለት በቦታው ታስገባለች፤ ፊደሎቹንም ራሷ ትጽፋለች። ከመታተሙ በፊት ጥለቱን ለሚያውቅ ሰው ታሳያለች። ከፖስተሩ ግርጌም የመንደሩን ስም ታሰፍራለች። አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ያቺ መስመር ግን ጥለቱን ከባለቤቶቹ ጋር ታገናኘዋለች።

በቤታችሁ ሞክሩት

እናታችሁ ወይም አያታችሁ የሐበሻ ቀሚስ ካላቸው ጥበቡን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ስንት መስመር አለው? የትኛው ቅርጽ ይደጋገማል? ቆጥራችሁ በደብተር ላይ ሣሉት። ከዚያ ማሽኑ ተመሳሳይ ነገር እንዲሥል ጠይቁትና ሁለቱን አስተያዩ። ልዩነቱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። በዚያው ቀሚሱ የት እንደተሸመነና ማን እንደሸመነው አያታችሁን ጠይቁ። ይህን ሊነግራችሁ የሚችለው ማሽኑ ሳይሆን እሳቸው ናቸው።