እንግዳ ዓሣ ሲመዘገብ

እ.ኤ.አ. በ1991 ከሄርዝሊያ ዳርቻ፣ ከእስራኤል የሜዲትራኒያን ባሕር፣ አንድ ላየንፊሽ ተያዘ። ጀርባው ላይ 13 መርዘኛ እሾህ የደረደረ፣ ዝንጉርጉር ዓሣ ነው፤ አገሩ ቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ። አጥኚዎቹ በቀጣዩ ዓመት አጭር ጽሑፍ አሳተሙ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሃያ ዓመት ያህል ወሬው ጠፋ። በ2012 ሊባኖስ ላይ ብቅ አለና ቆጵሮስን፣ ቱርክንና ግሪክን አዳርሶ በ2016 ጣሊያን ገባ። ያ አጭር ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ፣ ዓሣው ሜዲትራኒያንን ያየው በ2012 ነው ብለን እንቀር ነበር።

መንገዱ የስዊዝ ካናል ነው። በ1869 ሲከፈት ውሃ የሚያግድ በር አልተሠራለትም፤ ሁለቱ ባሕሮች በቀጥታ ተገናኙ። መሐል ላይ ባሉት መራራ ሐይቆች ያለው ጨው ብዙውን ዓሣ ለረጅም ጊዜ ሲመልስ ቆይቶ ቀስ በቀስ ሟሟ። ዛሬ ከመቶ በላይ የቀይ ባሕር ዓሣ ዝርያዎች ሜዲትራኒያን ውስጥ ተመዝግበዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንግዳውን ቀድሞ የሚያየው ሳይንቲስት ሳይሆን ዓሣ አስጋሪ ነው፤ መረቡ ውስጥ ያለውን ከማንም በላይ ያውቀዋልና።

«አየሁ» ማለት ግን መዝገብ አይሆንም። ዓሣው ቤተ ሙከራ ሲደርስ ጥድፊያ ነው። ፎርማሊንና አልኮል ቀለሙን ስለሚያጠፉት አስቀድሞ ፎቶ ይነሣል። ፎርማሊን ዲኤንኤንም ስለሚጎዳ፣ ከጡንቻው ትንሽ ተቆርጣ በንጹሕ አልኮል ለብቻዋ ትቀመጣለች። ከዚያ ቆጠራው ይመጣል፤ ትዕግሥት የሚፈታተነው እዚህ ላይ ነው። ክንፉ ተዘርግቶ፣ በመርፌ ጫፍ እየተነካ፣ ዘንጎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ሜዲትራኒያን የገባው ላየንፊሽ «ማይልስ» የሚባለው ዝርያ ነው፤ ከእሱ ጋር በቀላሉ የሚምታታ «ቮሊታንስ» የሚባል ወንድም አለው። የማይልስ የጀርባ ክንፍ አብዛኛውን ጊዜ 10 ለስላሳ ዘንግ ሲኖረው፣ የቮሊታንስ 11 ነው፤ በሆድ በኩል ያለው የኋላ ክንፍ ደግሞ በማይልስ 6፣ በቮሊታንስ 7። ልዩነቱ አንዲት ዘንግ ናት! በመጨረሻ ዓሣው ቁጥር ተሰጥቶት፣ የተያዘበት ቦታ፣ ቀንና ጥልቀት ተጽፎለት፣ በመስታወት ማሰሮ ሙዚየም ይገባል። እኔ ከጽሑፉ ይልቅ ማሰሮውን አምናለሁ፤ የጠረጠረ ሰው ከፍቶ እንደገና ሊቆጥር ይችላል።

እንግዳውን ለመለየት ደግሞ የመጣበትን ባሕር ዓሣ ማወቅ ግድ ነው። የስዊድኑ ፒተር ፎርስኮል በ1763 የመን ውስጥ ከመሞቱ በፊት የቀይ ባሕር ዓሦችን ቆዳ እንደ ዕፅዋት ጠፍጥፎ አድርቋቸው ነበር፤ ዛሬም ኮፐንሃገን ይገኛሉ። ከእሱ በኋላ የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ለኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም፤ በምጽዋ በኩል እስከ ጎንደር ዘልቆ፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስተዋወቀ ሰው ነው። እሱ በ1829 የገለጸው ሲጋነስ ሉሪደስ ዛሬ የምሥራቅ ሜዲትራኒያንን አለቶች እየጋጠ አልጌውን የሚያራቁት ዓሣ ሆኗል። በ1962 እና በ1965 የእስራኤል ተመራማሪዎች ዳህላክ ደሴቶች ድረስ ሄደው ዓሣ የሰበሰቡትም ተሻጋሪውን ከነባሩ ጋር ለማስተያየት ይረዳቸው ዘንድ ነበር።

ሥራው የምሁራን ጨዋታ የሚመስለው ካለ የነፊውን ዓሣ ነገር ይስማ። ላጎሴፋለስ ስሌራተስ የተባለው ይህ ዓሣ በ2003 በቱርክ ጎኮቫ ባሕረ ሰላጤ ተይዞ ተመዘገበ። ቴትሮዶቶክሲን የሚባለው መርዙ ቢቀቅሉትም ቢጠብሱትም አይጠፋም፤ ስለማያውቁት የበሉ ሰዎች ተመርዘዋል። ስሙ በትክክል ሲታወቅ፣ ገበያ እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ ማውጣት የሚቻለው ያኔ ነው።

ስም ተሳስቶ የገባበት ጊዜም አለ። ማሰሮም ፎቶም ያልተገኘላቸው አሮጌ መዝገቦች የእንግዳ ዓሦች ዝርዝር በታደሰ ቁጥር እየተመረመሩ ይሰረዛሉ፤ አንዳንዱ ተሰርዞ ከቆየ በኋላ፣ ዓሣው ራሱ መረብ ውስጥ ሲገኝ፣ ተመልሶ ይገባል።